ይህ 1960 የማን ነው?

በአንድ የማስተርስ ዲፌንስ ላይ፣ ማለትም ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ፈታኞች ፊት ቆሞ በሚያስረዳበት መድረክ፣ ሰብሳቢ ነበርኩ። ሰብሳቢ ማለት ያው ሰዓት ይዞ፣ ቃለ ጉባኤ ጽፎ፣ በመጨረሻ "እንኳን ደስ አለህ" የሚል ሰው ነው። በይዘቱ አይናገርም። አለመናገር ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው፤ ሌላው ሲያወራ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ያን ዕለት ያየሁት ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም። ጎጃም ውስጥ ነው። ባህር ዳር ይሁን ደብረ ማርቆስ ወይስ እንጅባራ፣ ለነገሩ ለውጥ የለውም። ሌላ አገር የሚያስተምሩ ጓደኞቼም ያንኑ ነው የሚያወሩኝ።

ልጁ የታሪክ ተማሪ ነው። ያጠናው የ1960ውን የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ነው። የእርሻ ገቢ ግብር መጣሉን፣ ሞጣና ቢቸና አካባቢ ገበሬው "አልከፍልም" ማለቱን፣ በኋላም ጠቅላይ ገዥው ከቦታቸው መነሳታቸውን ያገራችን ሰው ከአያቱ ሰምቶታል። ልጁ ግን በመስማት አላቆመም። ገጠር ገብቶ አዛውንት አነጋግሯል፣ የድሮ ደብዳቤ አገላብጧል። እኔም ጽሑፉን ቀድሜ አይቼው ስለነበር ምን እንደሚጠየቅ ለመስማት ጓጉቼ ነበር።

የውስጥ ፈታኙ ጽሑፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "ገጽ 4፤ ነጥቡ ከቅንፉ በኋላ ነው የሚመጣው። ገጽ 7፤ ይህ ጸሐፊ በአባቱ ስም ነው መጠራት ያለበት። ገጽ 11፤ የግርጌ ማስታወሻ እዚህ ምን ይሠራል? ኮሌጁ ኤፒኤ አላለም እንዴ?" ኤፒኤ ያሉት የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ያወጣውን የምንጭ አጠቃቀስ ደንብ ነው።

አማካሪው አላስቻላቸውም። "ዶክተር፣ ልጁ እኮ የታሪክ ተማሪ ነው። ታሪክ በግርጌ ማስታወሻ ነው የሚጻፈው።"

"መመሪያው እንደሱ አይልም።"

"መመሪያው ሲጻፍ እኛን የጠየቀን አለ?"

ከዚህ በኋላ ልጁ ተረሳ። እሱ ሁለቱንም ለማስደሰት ሞክሮ ነበር፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ቅንፍ አለ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ የግርጌ ማስታወሻ አለ። አሁን እስክሪብቶ ይዞ የአንዳቸውን ይጽፋል። ሌላኛው ሲናገሩ የጻፈውን ይሰርዛል። ደግሞ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

የውጭ ፈታኙ እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ አላሉም። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንድ ገጽ ላይ ቀርተዋል። ክርክሩ ጋብ ሲል፣ "አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ" አሉ። "እዚህ ጋ የ1967ቱን የግብር አዋጅ ተከትሎ ገበሬው በ1960 አመፀ ትላለህ። ይህ 1960 የማን ነው? የኛ ነው የፈረንጅ?"

ሁሉም ያን ገጽ ፍለጋ ገለጠ።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ 1967ን ያገኘው ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 1960ን ያገኘው ከደብዳቤዎቹና ከአዛውንቶቹ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ነው። ለየብቻ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ግን የጎጃም ገበሬ ግብሩ ሳይታሰብ 7 ዓመት ቀድሞ አምፆ ቁጭ አለ። ይባስ ብሎ የውጭ አንባቢ ስለ ኢትዮጵያ "1960" ሲባል ትዝ የሚለው የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ነው። እኛ የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር የምንለው።

ልጁ ወዲያው ገባው። እርማቱን ጻፈ፤ ይህን እንኳ የሰረዘበት ሰው የለም። ሰዓቱ አልቆ ነበር። ስለ አዛውንቶቹ አንድም ጥያቄ ሳይነሳ ተጨበጨበ።

ነጥብ ለማረም ማንበብ አያስፈልግም

ቤቴ ገብቼም ነገሩ አልለቀቀኝም። ሦስቱም ሰዎች የተናገሩት ስለ ፎርማት ነው። የሽማግሌው ጥያቄ ታዲያ ከሌላው ለምን ተለየብኝ? ሳወጣ ሳወርድ አመሸሁ።

እንዲህ መሰለኝ። ነጥቡ ከቅንፉ በፊት ቢመጣ የሚሳሳት አንባቢ የለም። ዓመተ ምሕረቱ ካልተለየ ግን አንባቢው ታሪኩን ገልብጦ ይረዳል። ያኛው ደንብ ለዓይን ነው፤ ይኼኛው ለአንባቢ ነው። ለዓይን የሆነውም አይጠላ። ጽሑፍ ወጥ ሲሆን ደስ ይላል፣ የመጽሔት አዘጋጅንም ሥራ ያቀልላል። ግን እኛ መምህራን ጉሮሮ ለጉሮሮ የምንተናነቀው ሁልጊዜ ለዓይን በሆነው ላይ ነው። ለምን?

ነጥብ ለማረም ጽሑፉን ማንበብ አያስፈልግማ! ገጽ እየገለጡ ቀይ እስክሪብቶ ማስኬድ ነው። "1960 የማን ነው?" ለማለት ግን ዓረፍተ ነገሩን ማንበብ፣ አዋጁ መቼ እንደወጣ ማወቅ፣ ቆም ብሎ መገረም ይፈልጋል። ይህ ጊዜ ይጠይቃል። ጽሑፉ ለዲፌንስ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚደርሰው ፈታኝ ደግሞ ጊዜ ከየት ያመጣል? እዚህ ላይ ብዙም አልፈርድም። ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። በይዘት የተከራከረ ሰው ሊረታ ይችላል። በነጠላ ሰረዝ የተከራከረ ግን መመሪያውን አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ዱብ ያደርገዋል፤ አለቀ።

ያንን ሰሞን ክፍል ውስጥ ሌላ ምሳሌ አነሳሁ። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው የወጣው በ1986 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1994። ከአማርኛው ቅጂ ገልብጦ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ "1986" ብሎ ያለፈ ተማሪ ፖሊሲውን ለደርግ ሰጠው ማለት ነው። የጎደለው የአቆጣጠሩ ምልክት ብቻ ነው፤ ሁለት ፊደል። ተማሪዎቹ ሳቁ። ከዚያ አንዷ የራሷን ፕሮፖዛል ገለጠችና መሳቋን አቆመች።

"8 ጨምር" የሚለውን ምክርም እዚያው አስቆምኩት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ያለው ልዩነት 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። የሽፋኑ ጀርባ ላይ "1998 ዓ.ም." ብቻ ያለበት መጽሐፍ በ2005ም በ2006ም ታትሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መገመት አያስፈልግም። ያለውን ከነምልክቱ መጻፍ፣ አጠገቡ ሁለቱንም የፈረንጅ ዓመት በእዝባር ማስቀመጥ። አንባቢ የፈለገውን ይወስዳል።

"የማን ተማሪ ነህ?"

ተማሪው ፎርማት ከእኛ የሚማር የሚመስለው መምህር ካለ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከግቢው በር ፊት ለፊት ያሉትን ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይጎብኝ። አንዷን በደንብ አውቃታለሁ። ቲሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ) አስተካክላ፣ ፕሪንት አድርጋ፣ አስጠርዛ ታስረክባለች። ፍላሽ ይዞ የመጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ገጽ እንደሆነ አይደለም። "የማን ተማሪ ነህ?" ነው።

ኮምፒውተሯ ላይ ፎልደሮች ተደርድረዋል። የእያንዳንዳቸው ስም የመምህር ስም ነው። የእኔም አለ። አንድ ቀን ከፍታ አሳየችኝ። "ጋሼ፣ እሳቸው በግራ በኩል 1.5 ኢንች ይወዳሉ፤ እሱ ዙሪያውን 1 ኢንች ካልሆነ ይመልሳል። እኚህ ደግሞ የአሳታሚው ከተማ ከሌለ ይቆጣሉ። እርስዎ ያው..." ብላ ሳቀች። ስለ እኔ ልትል የነበረውን አልነገረችኝም።

እኔም ሳቅኩ። ስወጣ ግን ነገሩ ከበደኝ። ይህቺ ልጅ የኮሌጁን መመሪያ አይታው አታውቅም። ማየትም አያስፈልጋት። መመሪያው እኛው ነን። ልጆቹም የሚማሩት ይህንኑ ነው። ክፍል ውስጥ "የአሳታሚውን ከተማ ለምን ጻፍከው?" ስል የማገኘው መልስ "አማካሪዬ ስለሚፈልጉ" ነው። ስለ መጽሐፉ ወይ ስለ አንባቢው የሚያነሳ የለም። ምንጭ መጥቀስ የሰው ፊት ማንበብ ሆነ።

ደግሞ የሚገርመው የሚጣሉት መምህራን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው። የኤፒኤ 6ኛ እትም በ2009 ወጣ፤ 7ኛው በ2019፣ ሁለቱም በፈረንጅ። (ይኸው፣ እኔም መለየት ለምጃለሁ።) በ6ኛው የአሳታሚው ከተማ ይጻፋል፤ በ7ኛው ቀርቷል። በ6ኛው ከ3 እስከ 5 ጸሐፊዎች ከሆኑ መጀመሪያ ሲጠቀሱ ሁሉም ይዘረዘራሉ፤ በ7ኛው ከ3 ጀምሮ ገና ከመጀመሪያው "እና ሌሎች" ይባላል። በ6ኛው ዘመን የተማሩት የከተማውን ስም ሲፈልጉ በተማሩት ነው። 7ኛውን ያወረደው ወጣት መምህር ሲሰርዘውም በተማረው ነው። ቤተ ሙከራችን ያለው ወርድ ደግሞ የሚያውቀው 6ኛውን ብቻ ነው፤ ልጁ ቁልፍ ሲጫን ከተማው ራሱ ይመጣል። ተማሪው መሃል ላይ ሆኖ መምህራን የማይስማሙት በእሱ ምክንያት ይመስለዋል።

አሜሪካኖቹ ነገሩን ሲጀምሩት፣ በፈረንጅ በ1929 የአንድ የሥነ ልቦና መጽሔት ላይ የወጣ 7 ገጽ ጽሑፍ ነበር። ጽሑፍ የሚልኩ ሰዎች አንድ ዓይነት አድርገው እንዲልኩ ነው። ስለ ቢቸና ደብዳቤ ያሰበ አልነበረም። ማሰብም አይጠበቅበትም።

አባትየው ምን አደረጉ?

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ገጽ 7 ላይ የተነሳው ስም የገብሩ ታረቀ ነው። ስለዚሁ አመፅ የጻፉ የታሪክ ምሁር ናቸው። ልጁ "ገብሩ ታረቀ (1991)" ብሎ ነበር። ፈታኙ "ታረቀ (1991)" ይሁን አሉ።

እንግዲህ ታረቀ የጸሐፊው አባት ናቸው። መጽሐፉን የጻፉት እሳቸው አይደሉም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባታችንን ስም ነው የምናስከትለው። "ባሕሩ ዘውዴ"ን "ዘውዴ" ብሎ መጥቀስ፣ "ታደሰ ታምራት"ን "ታምራት" ማለት፣ ልጅ የደከመበትን ለአባት ማስረከብ ነው። አባት ቢከበር አይከፋኝም። ግን አንባቢ ያንን ምሁር ፈልጎ ያጣዋል። የታሪክ ሰዎቻችን ይህን ቀድመው አስበውበታል። ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ እንኳ፣ ጀርመን አገር ተዘጋጅቶ በ5 ቅጽ የወጣው፣ የኢትዮጵያውያንን ስም የደረደረው በራሳቸው ስም ነው።

ጥንድ ስም ሲመጣ ደግሞ ጉድ ይፈላል። መስፍን ወልደማርያምን ፈረንጅኛው ሽፋን ላይ "ወልደ" እና "ማርያም" ተለያይተው ካገኛቸው ምንጭ የሚያደራጀው ሶፍትዌር የመጨረሻውን ቃል ይዞ ይሮጣል። ሬፈረንሱ (የምንጭ ዝርዝሩ) ላይ "ማርያም፣ መ. ወ." ሆነው ይወጣሉ። የአንዱን ተማሪ ዝርዝር ሳይ "ማርያም" እና "ሥላሴ" ተደርድረው የቤተ ክርስቲያን ዝርዝር የያዝኩ መሰለኝ።

ብራና ፍቆ፣ መስመር አስምሮ፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ለይቶ ሲጽፍ የኖረ አገር የራሱን ሰው ስም እንዴት እንደሚጠራ ከሶፍትዌር ይጠይቅ? የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

መወድስ ስምንት ቤት ነው

ነገሩን የትምህርት ክፍል ስብሰባ ላይ አቀረብኩት። አንድ ገጽ የጋራ መግባቢያ ይኑረን ነው ያልኩት። ከእኛ በተጨማሪ ከታሪክም ከሥነ ትምህርትም ሰዎች ተጠርተው ነበር። ረጅም ስብሰባ ነው፤ አላሰለቻችሁም። ሁለት ነገር ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛው ከአንጋፋ መምህራችን የመጣ ነው። እሳቸው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይገቡ በፊት ቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ቅኔ ቆጥረዋል። ፎርማት ላይ ከሁላችን ይጠብቃሉ። "ለዓይን" እና "ለአንባቢ" እያልኩ ሳብራራ አቋረጡኝ።

"ስማ" አሉ፤ "መወድስ ስምንት ቤት ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። ሰባት ቤት መወድስ ይዞ መጥቶ 'ሐሳቡ ግን ጥሩ ነው' የሚል ተማሪ አይቼ አላውቅም። የኔታ ፊት ይህን ቢል በዚያው ወደ አገሩ ይሄዳል። ቅርጹን ያልጠበቀ ልጅ ሐሳቡንም አይጠብቅ።"

መወድስና ጉባኤ ቃና የቅኔ ዓይነቶች ናቸው፤ ቤት የሚባለው ስንኙ ነው። መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው። ቅርጽ መጠበቅ አንድ የእጅ ሥልጠና ነው። ኮማውን የሚያስተውል ልጅ ቁጥሩንም ያስተውላል፤ ክፍል ውስጥም አይቼዋለሁ። "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይባላል ብዬ ልመልስ ፈለግሁ፤ ግን እሳቸው መጠምጠምም መማርም የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ቆየት ብዬ፣ "የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች መንገድ አንድ ነው እንዴ?" አልኳቸው።

"አይደለም። ቤት ቤት አለው።"

"ተማሪው በአንድ ቀን በሁለቱም ቤት መንገድ ይታረማል?"

ፈገግ አሉ። "ተማሪማ አንድ የኔታ ሥር ነው ያለው" አሉ። ከዚያ ለሰብሳቢው፣ "እሺ፣ አንድ ገጽ ይውጣ። ከወጣ በኋላ ግን ያላከበረ ተማሪ ይመለስ" አሉ። በዚህ ተስማማሁ። ደንብ የሚጠብቅ ሰው ጠልቼ አላውቅም። የሚያስጨንቀኝ ደንቡ እንደ ፈታኙ ሲቀያየር ነው።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። የውስጥ ፈታኙም እዚያው ነበሩ፤ "ኤፒኤ የቤተሰብ ስም ነው የሚለው፣ እኛ ከኤፒኤ ልንበልጥ ነው?" ሲሉ አንድ ወጣት መምህር ስልኩን አወጣ። 7ኛው እትም ራሱ፣ አንድ ስም ብቻ ያለውን ወይም ተነጣጥሎ የማይጠራን ስም ሙሉውን ጻፉት ይላል ብሎ አነበበ። "ምሳሌ አለው፤ ማልኮም ኤክስ፣ ሌዲ ጋጋ።"

"ሌዲ ማን?" አሉ የቅኔው ሰው።

"ዘፋኝ ናት ጋሼ።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ክርክሩ ግን እዚያው ረገበ። እውነት ለመናገር ደንቡ የተጻፈው ለእኛ ዓይነት ስም ነው ማለት ትንሽ መለጠጥ ነው። "ገብሩ" እና "ታረቀ" አይነጣጠሉም ማለት አይቻልም፤ በየቀኑ "ገብሩ" ብለን ነው የምንጠራው። ግን መንፈሱ ያስኬዳል። ያው እትም የጸሐፊውን ስም ሥራው ላይ እንደተጻፈው ጻፉ ይላልና። ዘፋኟ ሙሉ ስሟ ከተጻፈላት ለገብሩ ታረቀ የሚነፈግበት ምክንያት አልታየኝም። ፈታኙም፣ "በጽሑፍ ከሰፈረ እኔ ምን ቸገረኝ" አሉ። ሰውየው ክፉ አይደሉም። የሚይዙት ነገር ነበር ያጡት።

አንዱ ገጽ ወጣ። የኢትዮጵያውያን ስም ሙሉውን፣ በራሳቸው ስም ተጀምሮ ይጻፋል። ዓመት ሁሉ የማን እንደሆነ ይለያል። ታሪክ ትምህርት ክፍል ቺካጎ በሚባለው የግርጌ ማስታወሻ ደንብ ይቀጥላል፣ ሌላው 7ኛውን ኤፒኤ ይከተላል። ነጥብና ነጠላ ሰረዝ የሚያርም ፈታኝ ደግሞ በወረቀት ጽፎ ለተማሪው ይሰጣል እንጂ የዲፌንሱን ሰዓት አይነካም። የመጨረሻዋን ለማስገባት ነው ብዙ የለመንኩት። በግራ በኩል 1.5 ኢንች ይሁን የሚለው ግን ያለ ክርክር አለፈ፤ ለጥረዛ ነው፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ፈልገህ አምጣ

ማስተማሩንም ቀየር አድርጌዋለሁ። ድሮ የኤፒኤን ደንብ በስላይድ አሳይቼ፣ ምሳሌ ሰጥቼ፣ ፈተና ላይ "ስህተቱን አርም" እል ነበር። ልጆቹ ፈተናውን ያልፉታል። ቲሲስ ላይ ሲደርሱ ያው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው።

አሁን የሬፈረንስ ዝርዝራቸውን ይለዋወጣሉ። አንዱ የሌላውን ዝርዝር ይዞ ቤተ መጻሕፍት ይገባል ወይ ኢንተርኔት ይከፍታል። ሥራው አንድ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ባለው ብቻ ምንጩን ፈልጎ ማምጣት። ባለቤቱን መጠየቅ ክልክል ነው።

ከዚያ የሚሆነውን ማየት ነው። "ማርያም፣ መ. ወ." የያዘችው ልጅ ባዶ እጇን ትመለሳለች። መጽሐፉ በ"መስፍን" ሥር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አንዱ ደግሞ ሊንኩን ሲጫን የጉግል መፈለጊያ ገጽ ይወጣበታል። ሌላው የመጽሔት ጽሑፍ ደርሶታል፤ ዲኦአይ የሚባለው መለያ ቁጥሩ ስላለ ወዲያው ያገኘዋል። ርዕሱ ዘመም ባለ ፊደል አልተጻፈም፤ እሱ ግን ልብም አላለው። "ያልታተመ ጽሑፍ፣ አዲስ አበባ" ብቻ የደረሰው ልጅ ንዴቱ አይጣል ነው። "አዲስ አበባ የት?" እያለ ባለቤቱን ይፈልገዋል።

ሲመለሱ ብዙ ማብራራት አይጠበቅብኝም። የቱ መረጃ እንደጠቀማቸው፣ የቱ እንዳጎደላቸው፣ የቱ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ እንደሌለው ራሳቸው ይነግሩኛል። ከዚያ በኋላ ዞቴሮ በሚባለው ምንጭ ማደራጃ ሶፍትዌር ላይ የጸሐፊውን ስም በአንድ ሳጥን እንዴት እንደሚያስገቡ አሳያቸዋለሁ። ስም ሳጥኑ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት መጫን ነው፤ ሁለቱ ሳጥን አንድ ይሆናል፣ ሶፍትዌሩም ስም መበጠሱን ይተዋል። ከሰዓት ሙሉ ሌክቸር ይልቅ ይቺ ምልክት ጠቅማለች።

አዛውንቶቹ የት ይግቡ?

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። እሱም ከዚያው ከልጁ ጽሑፍ ነው የመጣው።

በኤፒኤ ደንብ አንባቢ ሊያገኘው የማይችል ምንጭ፣ ለምሳሌ ከሰው ጋር በቃል የተደረገ ውይይት፣ በጽሑፉ መሃል ይጠቀሳል እንጂ ከኋላ ያለው ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ምክንያቱ እኔ ክፍል ውስጥ ከምለው ጋር አንድ ነው፤ ዝርዝሩ ፈልጎ ለማግኘት ነው። የታሪክ ትምህርት ክፍሎቻችን ግን የመረጃ ሰጪዎች ሰንጠረዥ አላቸው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ ስለ ሰውየውም አንድ ሁለት ቃል። የልጁ ሰንጠረዥ ሙሉ ገጽ ነው። ከላይ ያሉት ዘጠና ያለፉ ናቸው።

በራሴ መመዘኛ ብሄድ ሰንጠረዡ መውጣት አለበት። አባባሌ ግን እዚህ ላይ ያንቀኛል። እነዚህ ሰዎች ይገኛሉ እኮ፤ ቀበሌያቸው ተጽፏል። አንባቢ መኪና ተሳፍሮ፣ ከዚያ በእግሩ ሄዶ ሊጠይቃቸው ይችላል። ዛሬ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አይችልም፤ ያኔ ደግሞ ማን እንደተናገረ የሚመሰክረው ያ ገጽ ብቻ ነው። የታተመ መጽሐፍ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ይፈለጋል። የሰውየው ቅጂ የለም። 1960ን እንኳ ያስረዱት በቁጥር አይደለም አለኝ ልጁ፤ ከየትኛው ክረምት በፊት፣ ከየትኛው በዓል በኋላ እያሉ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ያወጣው እሱ ከደብዳቤው ጋር አገናዝቦ ነው። ይህ ራሱ አንድ የዲፌንስ ጥያቄ ይወጣው ነበር።

የሥነ ትምህርት ባልደረቦቼ ሌላ ጭንቀት አላቸው። እነሱ ዘንድ መረጃ ሰጪ ስሙ አይወጣም፤ ምስጢሩ ይጠበቅለታል። ይህም ትክክል ነው። ስለ ርዕሰ መምህሯ የተናገረች አስተማሪ ስሟ እንዲወጣ አትፈልግም። የቢቸናው አዛውንት ግን "ስሜን ጻፈው" ነው ያሉት፤ ልጁ እንደነገረኝ የአባታቸውንም ስም አስይዘውታል። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገዛ ደንብ እስካሁን አልመጣልኝም።

ለጊዜው ሰንጠረዡ አባሪ ሆኖ ይግባ ተብሏል። የታሪኮቹ ሰዎች አባሪ መባሉን አልወደዱትም፤ ዋናው ምንጫችን እሱ ነው ይላሉ። የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ አስይዤዋለሁ። የልጁ አማካሪ ከአሁኑ አስጠንቅቀውኛል፤ የሚመጡት ሰንጠረዡን ይዘው ነው፣ የሚያነቡትም ከመጀመሪያው ስም ጀምረው ነው።